«እሱ» ልበል ወይስ «እሳቸው»?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለማውራት መጀመሪያ የሚያስቸግረው ፖለቲካው አይደለም፣ ሰዋስው ነው። «እሳቸው» ካልክ ካድሬ ነህ፣ «እሱ» ካልክ ጽንፈኛ ነህ። ስሙን ብቻ ጠርቼ ልለፍ ብትል ደሞ ግሱ ይይዝሃል፣ አማርኛ እኮ መሸሻ የለውም፣ ወይ «አለ» ወይ «አሉ» ማለትህ አይቀርም። አንዳንድ ብልጦች «ተባለ» ማለት ጀምረዋል። «ፓርላማ ምን ተባለ?» ይልሃል፣ ማን እንዳለው የለም፣ እንዲሁ ተባለ። እኔ እዚህ ላይ «እሳቸው» ብዬ ልቀጥል ነው፣ ለወንበሩ ብዬ። ካድሬ የሚለኝ ካለ ይበለኝ፣ እስከ መጨረሻው ያንብበኝና።

የማዘወትራት ቡና ቤት አራት ዱካ፣ ሁለት አግዳሚና ግድግዳ ላይ የተሰቀለች አንዲት ቲቪ አላት። የኛን የጠዋት ብርድ ያው ታውቁታላችሁ፣ ሰዉ ጋቢውን እንደተከናነበ ነው ሲኒውን የሚቀበለው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው ላይቭ የሚተላለፍ ቀን ቤቷ ጢም ትላለች። እና አንድ ነገር አየሁ፣ ደንበኛ ሞቅ ብሎት ኃይለ ቃል ሲወረውር የቡና ቤቷ ባለቤት እትዬ ሪሞቱን አንስተው የቲቪውን ድምፅ ይጨምራሉ። መጀመሪያ ንግግሩን በደንብ ለመስማት መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ የሰውየውን አፍ እየሸፈኑለት ነው። የመሪው ድምፅ ለተቺው መደበቂያ ሆነ ማለት ነው፣ ይሄን አይቶ አለመሳቅም ይከብዳል።

ግን ያ የተሸፈነ አፍ ምን እያለ ነው? ለወራት ጆሮዬን ጥዬ የሰማሁትን ብነግራችሁ አብዛኛው ስለ ሰውየው ነው። ስለ አለባበሱ፣ እንግዳ ሲመጣ መኪና ራሱ ስለመንዳቱ፣ ንግግሩ ውስጥ ተረት ስለማብዛቱ፣ አባቱ ማን እናቱ ማን። ስለ ስልጣን አያያዙ የሚነሳው ከአስሩ አንዱ ነው። ምን አዘዙ? በየትኛው ገንዘብ? ማንን አማክረው? ሲሳሳቱስ ማን ጠየቃቸው? እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው የመሪን የስራ ምግባር የሚለኩት፣ የተቀረው ሐሜት ነው። ሐሜትን አልንቅም፣ ሲያጠግብ ግን አላየሁም። ለምን ሐሜቱ በዛ ጥያቄው አነሰ ካላችሁኝ የኔ መልስ ሕዝቡ መጠየቅ ስለማይችል አይደለም የሚል ነው፣ ጥያቄ መቀመጫ ስላጣ ነው፣ መቀመጫ ያጣ ጥያቄ ደሞ ቆሞ ይውልና ማታ ላይ ስድብ ሆኖ ይገባል።

በወረቀት ላይ መቀመጫው አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሰራር ለሕዝብ ግልፅ መሆን አለበት ይላል፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹምና ተመራጭም ተጠያቂ እንደሚሆን ይናገራል። አንቀጽ 55 ለተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈፃሚውን አሰራር የመመርመር ስልጣን ሰጥቷል። አንቀጽ 74 ደሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምክር ቤቱ በየጊዜው ሪፖርት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ልብ በሉ፣ ፕሬዚዳንቱ ከሁለት ዙር በላይ እንዳይመረጥ ገደብ አለው፣ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን የዙር ገደብ የሚባል ነገር የለም፣ ምክር ቤቱ እስከፈለጋቸው ድረስ ይቆያሉ። ስለዚ ብቸኛው ልጓም ያ ምክር ቤት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተደረገው ምርጫ ድምፅ ከተሰጠባቸውና ውጤታቸው ከታወቀ 436 ወንበሮች የሳቸው ፓርቲ ብልጽግና 410 ወሰደ። ልጓሙን የያዙትም የሚለጎመውም አንድ ፓርቲ ሆኑ። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት በንጉሥ ጊዜ የወጣ ነው፣ በምርጫ ጊዜም ስራ አልፈታም።

አሁን የምክር ቤቱን ጥያቄ አጠያየቅ እንይ፣ ምክንያቱም ሰው ብዙ የማያስተውለው እዚ ጋ ነው። የምክር ቤት አባላት ተራ በተራ እየተነሱ ጥያቄያቸውን ያነባሉ፣ አንዱ ስለ ማዳበሪያ፣ አንዱ ስለ ሰላም፣ አንዱ ስለ ኑሮ ውድነት፣ አንዱ ጥያቄም ሳይሆን ምስጋና። ሁሉም ተጠይቆ ካለቀ በኋላ እሳቸው ይነሱና መልሱን በአንድ ትንፋሽ ይሰጣሉ፣ ሰዓታት ይፈጃል። እንዲህ ሲሆን ምን ይፈጠራል መሰላችሁ፣ የመረጡትን ጥያቄ አስፍተው መልሰው ያልመረጡትን በአንድ ቀልድ ማለፍ ይችላሉ። «ክቡር ጠቅላይ ሚኒስትር፣ የጠየቅኩት ይሄን አይደለም» የሚል የለም፣ ቢኖርም ማይኩ ከእጁ ወጥቷል። ገበያ ላይ እንኳ በግ ስትገዛ ሻጩ ዋጋ ሲጠራ መልሰህ «ጥርሱን አሳየኝ» ትላለህ አይደል? የመንዝ ሰው በግ እንዴት እንደሚገዛ ያየ ሰው ያንን ስብሰባ ጥያቄና መልስ ብሎ ለመጥራት ይከብደዋል።

ምሳሌ ልጥቀስ፣ ቀን ያለው። ኅዳር 21 ቀን 2013 ጠቅላይ ሚኒስትሩ እዛው ምክር ቤት ቆመው ትግራይ ላይ በተደረገው ዘመቻ አንድም ሲቪል አልተገደለም ብለው ተናገሩ። የኤርትራ ወታደርም አልገባም ሲባል ከርሞ ከአራት ወር በኋላ መጋቢት 14 ቀን እዛው አዳራሽ ውስጥ ራሳቸው መግባቱን አመኑ። ጦርነቱን ማን ጀመረው የሚለው ሌላ ክርክር ነው፣ የሰሜን ዕዝ ላይ የተፈፀመውን አንረሳም፣ ከዚህ ዞን የሄደ ስንት ልጅ እዛ ወድቋል። እኔ የምጠይቀው የስራ ምግባሩን ነው። አንድ መሪ ለሕዝብ እንደራሴዎች የተናገረው ነገር ስህተት ሆኖ ሲገኝ ምን ይደረጋል? ሌላ ሀገር ቢሆን እኮ ቢያንስ መርማሪ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ማን ምን መረጃ ሰጠህ ይባላል። እኛ ጋ ተጨበጨበና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ፣ በቃ።

የገንዘቡ ደሞ ይብሳል። በግንቦት 2011 «ገበታ ለሸገር» ተብሎ ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የሚከፈልበት እራት ተደረገ፣ ከዛ «ገበታ ለሀገር» መጣ፣ ጎርጎራ፣ ወንጪ፣ ኮይሻ። ስፍራዎቹ ያምራሉ፣ ፎቶውን ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ቆይቶ ጫካ ፕሮጀክት የተባለው አዲሱ ቤተ መንግሥት ጉዳይ ተነሳና በኅዳር 2015 ስለ ወጪው ምክር ቤት ውስጥ ሲጠየቁ መልሳቸው በአጭሩ ገንዘቡ እናንተ ካፀደቃችሁት በጀት አይደለም የሚል ነበር። ደጋፊዎቻቸው ይሄን እንደ ማረፊያ መልስ ወሰዱት፣ «አያችሁ ከናንተ ኪስ አልወጣም» ተባለ። እኔ ግን ስሰማው የደነገጥኩት እዚ ላይ ነው። በጀት ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማለት ምክር ቤቱ የማያየው ገንዘብ ማለት እኮ ነው። ማን ሰጠ? ለምን ሰጠ? በምላሹ ምን ተቀበለ? የዕድር ገንዘብ ያዥ እንኳ «ይሄ ብር ከመዋጮ አይደለም ወዳጆቼ ናቸው የሰጡኝ» ብሎ ድንኳን ቢገዛ ዳኛው «ደግ፣ ወዳጆችህን ጥራልን» ይለዋል። የኛ ሰፈር ዕድር ይል ነበር፣ እርግጠኛ ነኝ፣ ለአሮጌ ብረት ድስት ሁለት እሁድ የተከራከረ ዕድር ነው።

ገንዘብ የሚመረምር ኮሚቴስ? አለ። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ይባላል፣ የዋና ኦዲተርን ሪፖርት ይዞ መስሪያ ቤቶችን የሚያፋጥጠው እሱ ነው። በ2013ቱ ምርጫ በመጣው ምክር ቤት ሰብሳቢ የነበረው የተቃዋሚው የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) ተመራጭ ክርስቲያን ታደለ ነበር። በ2015 ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ ያለመከሰስ መብቱ ሳይነሳ ታሰረ፣ በኋላ ከሌሎች ጋር የሽብር ክስ ቀረበበት። የታሰረው ኮሚቴው ላይ በጠየቀው ጥያቄ ነው ብዬ መናገር አልችልም፣ ክሱ እሱን አይልም። ግን አንቀጽ 54 እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር የምክር ቤት አባል ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም ይላል። የቀሩት አባላት ያንን ወንበር ባዶ ሆኖ እያዩት በሚቀጥለው ስብሰባ ምን አይነት ጥያቄ ይዘው እንደሚመጡ መገመት ነቢይነት አይጠይቅም።

አሁን ራሳችንን ልንካ። አንድ ቀን ቡና ቤቷ ውስጥ አምስት ሆነን «ለመሆኑ የኛ ምርጫ ክልል ተወካይ ስሙ ማነው?» አልኩ። አራቱ አያውቁም። አምስተኛው ጋሼ ናቸው፣ ጡረተኛ አስተማሪ፣ እሳቸው አወቁት፣ ያውም የአጎታቸው ልጅ ክርስትና አባት ስለሆነ። እንግዲህ አስቡት። ጠቅላይ ሚኒስትሩን እኔና እናንተ አልመረጥናቸውም፣ የመረጥነው የሰፈራችንን ሰው ነው፣ እሱ ነው እሳቸውን የመረጠው። ያንን ሰው ስሙንም ሳናውቅ፣ አንድ ቀን አስቁመን «ስለ መንገዳችን ጠየቅክልን ወይ» ሳንለው ዘለን ቤተ መንግሥት ጋ እንጮሃለን። ሕገ መንግሥቱ እኮ አመኔታ ያሳጣህን ተወካይ ማውረድ ትችላለህ ይላል። አንድ ሰው ወርዶ አይቼ ግን አላውቅም። ጋሼ ይሄን ስላቸው ሳቁና «ልጄ፣ እሱን የምታወርደው ወጥቶ ከሆነ ነው» አሉኝ፣ አልመለስኩላቸውም።

ይሄ ሁሉ ሰሜን ሸዋ ላይ ሲወርድ ምን ይመስላል? አዲስ አበባ ለኛ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሲሆን ሲሆን ሰው ጠዋት ሄዶ ማታ የሚገባበት። በ2015 ግን ከዚህ የሚሄደው መንገደኛ ኬላ ላይ መታወቂያው እየታየ ይመለስ ነበር። አንድ ዘመዴ ሪፈር ተፅፎለት የሐኪም ወረቀቱን እንደ ባንዲራ ዘርግቶ ይዞ ተመልሷል። ማን አዘዘ ሲባል ፌዴራል ክልሉን፣ ክልሉ ከተማውን ይጠቁማል፣ ጥይት ብቻ ነው ባለቤት ያለው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 አዋጁ ወጣ፣ ስድስት ወር ተብሎ አራት ወር ተጨመረበት። ዳታ ጠፋ፣ ወራት ያለ ሞባይል ኢንተርኔት ኖርን፣ ተማሪው በዋይፋይ ፍለጋ ሆቴል በር ላይ ተደርድሮ ያመሽ ነበር። አጣዬ በ2013 ሲቃጠል ያለቀሰ ሕዝብ፣ ከወለጋ ተፈናቅሎ መጥቶ ቻይና ካምፕ ሸራ ስር ልጅ ያሳደገ ሕዝብ፣ «መንግሥት የት ነው?» ሲል እየተሳደበ አይደለም። አድራሻ እየጠየቀ ነው።

ኑሮውን ብዙ አላወራም፣ ሁሉም ቤቱ ያለ ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ሰኞ ጠዋት ስንነሳ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቋል ተባለ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኢኮኖሚስቶች ግድ ነበር ይላሉ፣ ሊሆን ይችላል፣ እኔ የማውቀው እትዬ ሲኒውን እንዳሳነሱት ነው።

ፍርድ እንዳላጓድል ግን። መጋቢት 24 ቀን 2010 እሳቸው ቃለ መሃላ ሲፈፅሙ እዚህ ከተማ ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ ተቃቅፏል፣ እኔም አንዱ ነበርኩ፣ አልክድም። እስረኛ ተፈታ፣ ስደተኛ ፖለቲከኛ ተመለሰ፣ ከኤርትራ ጋር እርቅ ወረደ። በዛው ዓመት ነሐሴ ላይ ጋዜጠኞችን ሰብስበው ጥያቄ ሲመልሱ «ይሄማ ሌላ ነው» ብለን ነበር። በ2011 መግቢያ ላይ የዓለም አቀፍ የጋዜጠኞች ተሟጋቾች ሲቆጥሩ በስራው ምክንያት የታሰረ ጋዜጠኛ ኢትዮጵያ ውስጥ አላገኙም፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ማለት ነው። የሚቆጨው እሱ ነው። ያንን ማድረግ ይቻል እንደነበር አይተነዋል። ከዓመት በኋላ ኖቤሉን ሊቀበሉ ኦስሎ ሲሄዱ ሁሌ የሚደረገውን የጋዜጠኞች ጥያቄ ሳይቀበሉ ቀሩ፣ ያኔ «ትሁት ስለሆኑ ነው» ብዬ የተከራከርኩላቸው እኔ ነኝ። ሞኝ ነበርኩ በሉኝ።

ሌላም አለ። በኅዳር 2014 የሕወሓት ኃይል ደብረ ሲና አፍንጫችን ስር ሲደርስ፣ ከተማው ሻንጣ ሸክፎ ወደ አዲስ አበባ ሲያይ፣ እሳቸው ግንባር እዘምታለሁ ብለው አፋር ላይ የወታደር ልብስ ለብሰው ታዩ። ፖለቲካ ነው የሚል አለ፣ ቢሆንም ያን ሳምንት ጣርማ በርን እያየ ያደረ ሰው ያንን ምስል በቀላሉ አይረሳውም። ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ፣ በመለስ ጊዜ ተጀምሮ በሳቸው ጊዜ አለቀ፣ ማለቁን የማይወድ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ደጋፊ ሲከራከርህ ይሄን ሁሉ ይደረድርልህና «ታዲያ ምን ቀረህ?» ይላል። የቀረኝ ጥያቄ ነው። ግድብ የጨረሰ መሪ ስለ ኬላው አይጠየቅም የሚል ሕግ የለም። የኮሪደር ልማቱም እንደዛው፣ ከአዲስ አበባ ፒያሳ ተነስቶ ወደ ክልል ከተሞች ወጣ፣ መብራቱና የእግረኛ መንገዱ ያምራል፣ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ግን ካሳውን ሲጠይቅ «ልማት ጠል» ከተባለ ስህተቱ ድንጋዩ ላይ አይደለም። አንድ ተጫዋች ወዳጄ ያለው ይሻላል፦

መናፈሻው ደርሷል አበባው ፈክቷል፣
ጤፉ ግን ወዲያ ነው መንገዱ ተዘግቷል።

በመንግሥት በኩል ያለው ችግር ለጥያቄ ስም ማውጣት ነው። ጁንታ፣ ባንዳ፣ ጽንፈኛ፣ ሟርተኛ፣ ስሙ ከዘመቻ ዘመቻ ይቀያየራል። ስም ከወጣለት በኋላ ጥያቄውን መመለስ አያስፈልግም፣ ጠያቂውን መፈለግ ነው። በኛ በኩል ያለው ደሞ ሌላ ነው። ዳታ በተዘጋበት ሰሞን በየሳምንቱ «ታመመ»፣ «አመለጠ»፣ «አበቃለት» የሚል ወሬ ከአውቶብስ እየወረደ ይመጣ ነበር፣ ሰው ደስ ብሎት አረቄ ያዝ አድርጎ ያመሽና በማግስቱ እሳቸው ችግኝ ሲተክሉ በቲቪ ይታያሉ። እንዲህ አስር ጊዜ ከተቀለደብህ በኋላ አስራ አንደኛው ቀን እውነተኛ ዶክመንት ቢመጣም አታምንም። ዘር የሚቆጥረውማ ባሰ። አንድ ሰው ስለ በጀት ግሩም ነጥብ አንስቶ መጨረሻ ላይ ስለ እናታቸው አንድ ቃል ሲጨምር ጥያቄውን ራሱ ገደለው፣ ካድሬው ያቺን አንዷን ቃል ቆርጦ ይዞ «ይኸው ጥላቻ» ይላል፣ የጥላቻ ንግግር አዋጁ ከ2012 ጀምሮ ስራ ላይ ነው። ለራሳችን ገመድ የምናቀብለው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

የድሮ የሸዋ ነገሥታት አንኮበርና አንጎለላ ተቀምጠው «እረኛ ምን አለ?» ይሉ ነበር ይባላል። እረኛ ሜዳ ላይ የሚያንጎራጉረው ዘፈን የሕዝብ ሆድ ነው ተብሎ ስለሚታመን መልክተኛ ተልኮ ይሰማ ነበር ነው ወጉ። ነገሥታቱ ዴሞክራት ነበሩ እያልኩ አይደለም፣ የሰሙትን ምን እንዳደረጉበት እግዜር ይወቅ። ግን ጥያቄው ከላይ ወደ ታች ነበር የሚወርደው። ዛሬ ቲቪ ስር ተኮልኩለን አንገታችንን ወደ ላይ ሰቅለን ምን አሉ ምን አሉ የምንለው እኛ እረኞቹ ነን።

ባለፈው እንዲሁ ቲቪ ስር ነበርን። ተጠያቂው ጥያቄውን ሁሉ ሰብስበው ውሃ ጠጡ፣ መነፅራቸውን አስተካከሉ፣ «አመሰግናለሁ የተከበሩ አፈ ጉባኤ» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ መብራት ጠፋ። ቤቱ ጭጭ አለ። የሚሸፍን ድምፅ የለም፣ ሁሉም ሲኒውን አየ። እትዬ ጓዳ ጀበና እያጠቡ ስለነበር አልሰሙም፣ በመጋረጃው አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ምን አለ? ስለ መንገዱ አነሳ እንዴ?» አሉን። ያኔ በሩ ተከፈተና ቆዳ ጃኬት የለበሰ የማናውቀው ሰው ገብቶ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እትዬ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡ፣ እሱን አየት አደረጉና ወደ ጋሼ ዞረው፣

«እ... ምን ተባለ?» አሉ።

ጋሼ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው «መብራት ጠፋ ተባለ» አሉ።